ዘጠነኛ የወጣሁባቸው ቅዳሜዎች

እጄን ያነሳሁት ላቤን ልጠርግ ነበር ወይስ ታክሲ ላስቆም?

ይህን ጥያቄ ራሴን ስጠይቅ ስንት ዓመት አለፈ፤ መልሱ ግን አልመጣም። በሌላ ነገር እንዲህ የምወላውል ሰው አይደለሁም። የምሠራው ካዛንቺስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ መዝገብ ቤት ነው። ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ እኔ ጋ ከደረሰ የፈረመው የፈለገውን ያህል ትልቅ ሰው ይሁን፣ ይመለሳል። ስለዚያች ቅዳሜ ጠዋትና ስለዚያች ቀኝ እጄ ግን ቁርጡን መናገር አልችልም። እስጢፋኖስ ታክሲ ማቆሚያው አጠገብ ቆሜያለሁ። ግራ እጄ ጉልበቴን ይዟል። ቀኝ እጄ ወደ ላይ ወጣ። ታክሲ ቆመ።

ከሥሩ ካልጀመርኩ ግን ጥፋቱ ሁሉ የእጄ ይመስላችኋል።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለምን እንደዘገየሁ ማስረዳት ረጅም ነው፤ ታናናሾቼን ሳስተምር፣ እናቴን ሳስታምም፣ በቃ፣ ዕድሜ አለፈ። የማታ ተማሪ ሆንኩ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ልጅ ዘግይቶ ወደ ክፍል ሲገባ ከፊት ወንበር ተቀምጬ አየኝና ቆቡን አወለቀ። «ይቅርታ ቲቸር፣ ታክሲ አጥቼ ነው» አለኝ። እኔም ደንግጬ «ግባ፣ ሁለተኛ እንዳይለምድህ» አልኩት። እሱ ልጅ እስኪመረቅ ድረስ በሄድኩበት አገር አልሄደም።

የቡድን ሥራ ሲሰጥ ሁሉም እየተጠራራ ይሰባሰባል። እኔ «የቀረ ሰው አለ?» ሲባል እጄን የማነሳዋ ነኝ። (ይኸው፣ እጅ ማንሳት የቆየ በሽታዬ ነው።) አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ግቢ ውስጥ ስሜን የጠራ ሰው አልነበረም፤ ስም ከሚቆጣጠሩት መምህራን በቀር። ሻይ ቤቱ ውስጥ መጽሐፍ ገልጬ እቀመጥና ከጎኔ ያሉት ሲስቁ ገጽ እገለብጣለሁ። ያነበብኩት ብዙ ነው፤ ያስታወስኩት ግን ሳቁን ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የሩጫ ክበብ፣ ማንኛውም ተማሪ መመዝገብ ይችላል» የሚል አነበብኩ። እኔ የተጻፈ ነገር የማምን ሰው ነኝ። ማንኛውም ካለ ማንኛውም ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሮጥኩት አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሲል ብቻ ነበር፤ ሁልጊዜም አምልጦኛል። ቢሆንም ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ ሩጫ ሦስት መጽሐፍ አነበብኩ። ስለ አተነፋፈስ ማስታወሻ ያዝኩ። የጡንቻዎቹን ስም በሙሉ አጠናሁ። የቀረው መሮጥ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው በር ላይ ስደርስ የክበቡ አለቃ ዳዊት ቆሟል። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ቅጥነቱ የልብስ መስቀያ ሽቦ ቱታ ያለበሱት ያስመስለዋል።

«ማዘር፣ ልጅዎን ፈልገው ነው?» አለኝ።

«ልመዘገብ ነው» አልኩት።

ጫማዬን አየ። ፊቴን አየ። እንደገና ጫማዬን አየ። «ደስ ይለናል» አለ፣ ደስ እንዳላለው ሰው።

አሥራ ሰባት ነበርን፤ እኔን ጨምሮ። መንገዱ ከካዛንቺስ ተነስቶ ወደ እስጢፋኖስ ይወርዳል፤ ከዚያ በቦሌ መንገድ ደምበልን አልፎ ወደ ግራ ይታጠፍና በውስጥ ለውስጥ ዞሮ ባምቢስ ይወጣል፤ ኡራኤል ሲደርስ ያልቃል። ከኡራኤል ጀርባ የወይዘሮ ጥሩነሽ ፉል ቤት አለ። ቁርስ እዚያ ነው።

ያጠፋኝ ሩጫው እንዳይመስላችሁ። ያጠፋኝ ቁርሱ ነው። ክበቡ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፦ ሰው ሳይሟላ ዳቦ አይቆረስም፤ ዳቦ ሳይቆረስ ፉል አይነካም። ዳቦውን የሚቆርሰው ደግሞ በዕድሜ ታላቁ ነው። ነገሩ የተጀመረው ልጆቹ ከየቤታቸው ይዘውት በመጡት ወግ ነው፤ ማንም ፈርሞ አላጸደቀውም፤ ግን የሚጥሰው አልነበረም። ከእኔ በፊት ታላቅ የሚባለው አንድ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። እኔ ስገባ ሥልጣኑን በደስታ አስረከበኝ።

እንግዲህ አስቡት። አሥራ ስድስት ወጣት፣ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር የሮጠ የሚመስል ረሃብ ይዞ (እውነቱ ከሰባት አይበልጥም)፣ ዙሪያውን ተቀምጧል። ድፎው መሐል ላይ ነው። ፉሉ ይጨሳል፣ ከዚያ መጨሱን ይተዋል፣ ከዚያ ቆዳ ያወጣል። እና ያ ሁሉ ሰው እኔን ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ ደምበል ጋ ቆሜ ከአንድ ዘበኛ ጋር «እህቴ፣ አምቡላንስ ልጥራ?» «የለም፣ ደህና ነኝ» እንባባላለን። ያን ጊዜ ሙሉውን መንገድ እንኳ አልሮጥኩትም፤ ከደምበል በእግሬ ወደ ኋላ ተመልሼ በአቋራጭ እመጣ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከሁሉ በኋላ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ዘግይቼ እገባለሁ።

ማንም አይቆጣም፤ ቢቆጡ እንዴት በተሻለኝ! «አይዞዎት እቴቴ፣ ቀስ ይበሉ፣ አረፍ ይበሉ» ይሉኛል፣ ዓይናቸው ዳቦው ላይ ተተክሎ። ቢላዋውን ሳነሳ የአንዱ ሆድ ይጮሃል። ይቅርታ ይጠይቀኛል። እሱ እኔን!

ከሁሉም የከፋው የሰላማዊት ደግነት ነበር። ሰላማዊት አንደኛ ዓመት ናት፤ ክብ ፊት፣ ዝምተኛ፣ ቂርቆስ አክስቷ ቤት የምትኖር። አሥራ ስድስተኛ የምትወጣው እሷ ናት። መሬት መሬት እያየች ነው የምትሮጠው። አንዳንድ ቅዳሜ ወደ ኋላ ትመለስና «እኔም ደክሞኛል፣ አብረን እንሂድ» ትለኛለች። አልደከማትም። አጠገቤ እየተራመደች ስለማነበው መጽሐፍ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ትንፋሽ ባገኘሁ ቁጥር አንድ አንድ ቃል እመልሳለሁ። በዚያ ዓመት ያደረግኩት ረጅሙ ወሬ እሱ ነበር።

በዚያች ቅዳሜም እስጢፋኖስ ድረስ አብራኝ ነበረች። «አንቺ ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ» አልኳት፤ ሄደች። ቆምኩ። የሚቆየው ፉል ታየኝ። እጄ ወጣ። ታክሲ ቆመ። «ኡራኤል፣ ሃያ ሁለት፣ መገናኛ!» አለ ረዳቱ። ከኋላዬ ማንም የለም። የመጨረሻ መሆን ያለው ጥቅም ይኸው ብቻ ነው፤ የሚያይሽ ሰው አይኖርም።

ባምቢስ ወረድኩ። ልጆቹ ገና የቦሌን መንገድ እያሳደዱት ነው። ገና ያልተከፈተ ፎቶ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጬ፣ ከሱቁ ማስታወቂያ ጀርባ ተሸሽጌ ጠበቅኳቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ አለፉ። ስምንተኛው ሲያልፍ ብድግ አልኩና ተከተልኩት። ለምን ስምንተኛው? አሥራ ሰባት ሰው ሲሰለፍ መሐሉ ዘጠነኛው ነው፤ ስምንት ከፊት፣ ስምንት ከኋላ። ማጭበርበሩ ካልቀረ በሥርዓት ይሁን ብዬ ነው።

ፉል ቤቱ ስገባ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ዳዊት ትከሻዬን ያዘና «አንቺ ሴትዮ ጉደኛ ነሽ እኮ!» አለኝ። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበርኩ። አንዷ ልጅ ላቤን በራሷ ፎጣ ጠረገችልኝ፤ ላብ አልነበረም፣ ከጠርሙስ ያርከፈከፍኩት ውሃ ነው። ሌላው ወንበር ሳበልኝ። ስለ እኔ ሳቁ፤ ከእኔ ጋር ሳቁ። በአርባ ዓመቴ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ በሚሳቅ ሳቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባሁ። ያን ቀን «በታክሲ ነው የመጣሁት» ብል ሁሉም በሳቅ ይፈርሱ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ዳቦ ጎረስኩበት።

የሚቀጥለው ቅዳሜም ዘጠነኛ። የሚቀጥለውም።

ሥራው ሥርዓት ያዘ። ወገቤ ላይ በማስራት ቦርሳ ውስጥ ትንሽ መጽሐፍ እይዛለሁ። ፎቶ ቤቱ ደረጃ ላይ ሃያ ደቂቃ አነባለሁ። ሩጫ ክበብ ገብቼ የጨረስኳቸው መጻሕፍት ቁጥር ከሮጥኳቸው ኪሎ ሜትሮች ይበልጣል። አንድ መላጣ የታክሲ ሹፌር ደንበኛዬ ሆነና «ሯጯ መጣች» እያለ የፊት ወንበር ይይዝልኝ ጀመር።

እንዴት አልተነቃብሽም ትሉ ይሆናል። እኔም ይገርመኛል። እያንዳንዱ ሰው ሌላውን ያለፍኩት ይመስለዋል። ዳዊት ደግሞ ማብራሪያውን ራሱ ሠራልኝ። «እቴቴ እኮ ስትነሳ አትታይም፤ ኃይሏን ቆጥባ ቆጥባ ቦሌ መንገድ ላይ ነው የምትለቀው» ይላል። ለግቢው አዲስ ተማሪዎች በምሳሌነት አቀረበኝ። «ትዕግሥትና ጽናት» በሚል ርዕስ አሥር ደቂቃ እንድናገር አደረገኝ። ተናገርኩ። ጥሩም ተናገርኩ፤ ካነበብኳቸው ሦስት መጻሕፍት እየጠቀስኩ።

ከዚያ መዝገቡ መጣ። «አንቺ ጠንቃቃ ነሽ፣ የእያንዳንዳችንን የመግቢያ ሰዓት ያዥልን» አሉኝ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ጋ የሚቀመጥ ደብተር ተገዛ። የዳዊት ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ይደረጋል፤ እኔም በየቅዳሜው፣ ከእኔ የቀደሙትን ሰዓት ዳዊትን ጠይቄ፣ በሚያምር ጽሕፈቴ፣ በቀይ መስመር ከፍዬ እጽፋለሁ፤ በዘጠነኛው ረድፍ ላይ የራሴን ስም። ሰኞ ቢሮ ገብቼ ደግሞ ማኅተሙ የደበዘዘ ደብዳቤ «ተአማኒነት ይጎድለዋል» ብዬ እመልሳለሁ።

አንድ ቅዳሜ የያዝኩት ልቦለድ በጣም ጣመኝ። ሰውዬው ከእስር ቤት ሊያመልጥ ነው፣ አጥሩ ላይ ወጥቷል። ኮቴ ሰማሁ፤ ቀና ስል አንድ ልጅ ሲያልፍ አየሁ። ስንተኛ ይሁን? መቁጠር ረስቻለሁ። የቀሩት ሁሉ ያለፉ መሰለኝና ደንግጬ ተፈተለክኩ። ፉል ቤቱ ስገባ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጧል፤ ዳዊት። ሁለተኛው ከእኔ ግማሽ ደቂቃ ቀድሞ ገብቶ እጁን እየታጠበ ነው። ሦስተኛ ወጥቻለሁ።

«እቴቴ» አለ ዳዊት፣ ድምፁ ተለውጦ፣ «ምንድን ነው የምትበዪው?»

እንግዲህ ከሦስተኛ በኋላ ወዴት ይኬዳል? በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ዘጠነኛነቴ ስመለስ «አሟት ነው» ተባለና ሁለት ልጆች ብርቱካን ይዘው ቢሮዬ ድረስ መጡ። መዝገብ ቤት ውስጥ ሊጠይቀኝ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። ብርቱካኑን አልበላሁትም። መሳቢያዬ ውስጥ ደረቀ።

በዚህ ሁሉ መሐል ግን አንድ ሰው የመጨረሻ መሆን ነበረበት። እኔ ወደ ዘጠነኛ ስወጣ አሥራ ሰባተኛዋ ሰላማዊት ሆነች። አሁን ዳቦው የሚጠብቀው እሷን ነው። ቢላዋውን ይዤ የምጠብቃትም እኔ ነኝ። በሩ ላይ ስትደርስ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ «ይቅርታ አስጠበቅኋችሁ» ትላለች፤ እኔም «አይዞሽ፣ ቀስ በይ» እላታለሁ። ምላሴ አልተኮላተፈም።

ስምንተኛው ቅዳሜ ላይ እጅ መታጠቢያው ጋ ስታለቅስ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ልተወው ነው እንጂ። እርስዎ እንኳ…» ብላ ተወችው። ከዚያ ጨረሰችው። «እርስዎ እንኳ ይቀድሙኛል። መቼ እንደሚያልፉኝ እንኳ አይታየኝም። ሰው ሲያልፈኝ የማላውቅ ሰው ነኝ ማለት ነው።»

መሐረቤን ሰጠኋት። መሐረብ! ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር መስጠት ሲገባኝ።

ሁለት ቅዳሜ ቀረች። ሦስት ሆነ። እሷ በሌለችበት ዳቦው ቶሎ ይቆረሳል፤ ፉሉ ትኩስ ነው፤ እኔ ግን አልወርድ አለኝ። በአምስተኛው ዳዊት እንደምንም ለምኖ አመጣትና በሁሉም ፊት እንዲህ አለ፦ «ከዛሬ ጀምሮ እቴቴ ናት የምታሠለጥንሽ። ከጎኗ እንዳትለዪ። ከሷ ጋር ተነሺ፣ ከሷ ጋር ግቢ።»

ሁሉም አጨበጨበ። ሰላማዊት ፈገግ አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! እኔ የጫማዬን ክር ፈትቼ እንደገና አሰርኩ።

ተነሳን። ቁልቁለቱን ወረድን። ከጎኔ አልተለየችም። «አተነፋፈሴ ልክ ነው?» ትለኛለች፤ እኔ መተንፈስ አቁሜያለሁ። እስጢፋኖስ ጋ ስንደርስ የቀሩት ከዓይን ጠፍተዋል። ቆምኩ። ቆመች። «ደከመዎት እንዴ?» አለችኝ፣ ግራ ገብቷት። ኃይሌን የምቆጥብ መስሏት ነበር መሰለኝ።

በዚህ ጊዜ ያ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ከጎናችን ተንፈስ ብሎ ቆመ።

«ሯጯ!» አለ መላጣው ሹፌር በመስኮቱ ብቅ ብሎ። «ምነው ዛሬ ከሰው ጋር? ባምቢስ አይደለሽ? ነይ ግቢ፣ ቦታሽን ይዤልሻለሁ!»

አንድ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካውን ነፋበት። ሹፌሩ እጁን አወናጭፎ ሄደ።

ሰላማዊት ታክሲውን በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሰው ተሳስቶ ነው፣ አይደል?» አለች። «ሌላ ሰው መስለውት ነው።»

የማምለጫውን በር ራሷ ከፍታ ሰጠችኝ። ራሴን ነቅነቅ ባደርግ ይበቃ ነበር። ደግሞ ልታምነኝ ፈልጋለች፤ ከፊቷ ላይ ይነበባል። ወንበሬ፣ ሳቁ፣ «አንቺ ጉደኛ» መባሉ፣ ብርቱካኑ፣ ሁሉም በዚያች አንዲት ራስ መነቅነቅ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አልተሳሳተም» አልኳት።

የቀረውን መዝገብ እንደማቀርብ ሰው ከመጀመሪያው ጀምሬ በተራ ነገርኳት። ፎቶ ቤቱን፣ ደረጃውን፣ መጽሐፉን፣ ስምንት ሰው መቁጠሬን። አላቋረጠችኝም።

«ስንት ቅዳሜ?» አለች በመጨረሻ።

«አሥራ ሁለት።»

«አሥራ ሁለት።» ከንፈሯን ነከሰች። «እኔ እኮ ሲመሽ ብቻዬን እለማመድ ነበር። አክስቴ አበድሽ ወይ እስክትለኝ። መሐረብ የሰጡኝስ ቀን?»

«ያን ቀንም።»

«ያን ቀንም በታክሲ?»

«ያን ቀንም።»

ሌላ ነገር የምትለኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። ስድብ ቢሆን እቀበል ነበር፤ ጽሑፍ ላይ ቢሆን እፈርምበት ነበር። ዞረችና ሮጠች። እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። መሬት መሬት አላየችም።

እኔም ተከተልኳት። ይቅርታ ልላት ነው የሮጥኩት፤ ግን አልደረስኩባትም። ደምበል ጋ ያ ዘበኛ «አሁንም አሉ?» አለኝ። ግራ ታጠፍኩ፤ በውስጥ ለውስጥ ያለውን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ዳገት አለው! ለካ ልጆቹ በየቅዳሜው ያንን ዳገት ይወጡት ኖሯል፤ አንዳቸውም አማርረው አያውቁም። እየሮጥኩ፣ እየተራመድኩ፣ አንዴም የሰው አጥር ተደግፌ፣ ባምቢስ ወጣሁ። ፎቶ ቤቱ ተከፍቷል። ባለቤቱ ደረጃውን እየጠረገ ነው። ቀና ብሎ አየኝና መጥረጊያውን አቆመ፤ ምን ይሆን ያሰበው እንጃ። አላየሁትም ብዬ አለፍኩ።

እንደደረስኩ የሚሆነውን ገና መንገድ ላይ ሳለሁ በሐሳቤ ሠርቼ ጨርሼ ነበር። ነግራቸዋለች። ዳቦው ተቆርሶ አልቋል። ወንበሬ ላይ ቦርሳ ተደርጓል። በሩ ላይ ቆሜ ሁለት ቃል ተናግሬ እመለሳለሁ።

ገባሁ። ሁለት ሰዓት ከአሥር ሆኗል። አሥራ ስድስቱም ተቀምጠዋል። ድፎው መሐል ላይ ነው፤ አልተነካም።

«እቴቴ! ምን ሆነሽ ነው?» አለ ዳዊት ብድግ ብሎ። «ይቺ ልጅ ደግሞ አራተኛ ገብታ ጉድ አሰኘችን! የት ጥለሻት መጣሽ ስንላት ‹አንድ ሰው ይቀራል፣ ጠብቁ› ብላ ዝም። ሌላ ነገር አልወጣትም።»

ሰላማዊት አላየችኝም። ደብተሩ ፊቷ ተከፍቷል። የዳዊትን ሰዓት አየችና፣ በእኔ ቀይ መስመሮች መሐል፣ በተንጋደደ ጽሕፈቷ ስሜን ጻፈች። «አሥራ ሰባተኛ» አለች ጮክ ብላ። «ሁለት ሰዓት ከአሥር።» ከዚያ ቢላዋውን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ አስጠጋችው።

ይቅርታ ይሁን ፍርድ፣ አልገባኝም። ዳቦውን ቆረስኩ። ቁራሹ ጠማማ ሆነ። የመጀመሪያውን ለእሷ ዘረጋሁላት። ትንሽ አቆየችኝ፤ ከዚያ ቀና ሳትል ተቀበለችኝና ፉሉ ውስጥ አጠቀሰችው።

ፉሉ በርዶ ነበር። ቆዳ አውጥቷል። እንደዚያው በላነው።